የሞሽን (የእንቅስቃሴ) ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

የሃይስኩል ተማሪዎችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። ፎርሙላ የማያውቅ ልጅ ብዙም አይገጥመኝም። የሚሳሳቱት ቁጥር ወደ ፎርሙላው ከመግባቱ በፊት ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የፕላስና የማይነስ ነገር ነው። ይህቺን ጥያቄ እዩ። ከ25 ሜትር ሕንፃ ጫፍ ላይ ድንጋይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። መሬት የሚደርሰው ከስንት ሴኮንድ በኋላ ነው? ግራቪቲን 10 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር አድርጉት፤ ጊዜውን ቲ እንበለው።

ብዙ ልጅ ወዲያው 25 = 20ቲ + 5ቲ² ብሎ ይጽፋል (5ቱ የግራቪቲው ግማሽ ነው)። 1 ሴኮንድ ይወጣለታል፤ አስምሮበት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። እባካችሁ ቆም በሉ! ድንጋዩ በ20 ተነስቶ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ10 እየቀነሰ ነው የሚወጣው። የሚወጣበት የመጨረሻ ከፍታ ጫፍ ለመድረስ ብቻ 2 ሴኮንድ ይፈጅበታል። እንዴት ሆኖ በ1 ሴኮንድ መሬት ይደርሳል? ልጁ ሳያውቀው ድንጋዩን ወደ ታች ወርውሮታል። ሌላው ደግሞ 25 = 20ቲ − 5ቲ² ይላል። ይሄ ጭራሽ መልስ የለውም። ድንጋዩ ከጣሪያው በላይ 20 ሜትር ብቻ ነው የሚወጣው፤ 25 ሜትር ከየት ያመጣል?

መጀመሪያ ቀስት ሳሉ። ወደ ላይ ፕላስ ካላችሁ፣ መነሻ ቬሎሲቲው (ፍጥነቱ ከነአቅጣጫው) ፕላስ 20፣ ግራቪቲ ማይነስ 10 ነው። መሬቱ ከመነሻው በታች ስለሆነ ዲስፕሌስመንቱ (ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው ቀጥታ ርቀት ከነአቅጣጫው) ማይነስ 25 ይሆናል። ስለዚህ −25 = 20ቲ − 5ቲ²። መልሱ 5 ሴኮንድ ነው። ማይነስ 1 የሚል ሁለተኛ መልስም ይወጣል። እሱን ጥያቄው አይፈልገውም፣ ግን ትርጉም አለው፤ ድንጋዩ ከመሬት በ30 ተወርውሮ ቢሆን ኖሮ ከ1 ሴኮንድ በኋላ በጣሪያው በኩል ልክ በ20 ያልፍ ነበር። ይሄ ሲገባቸው ፊታቸው ሲበራ ማየት ደስ ይለኛል። ወደ ታች ፕላስ ማድረግም ይቻላል። መሃል ላይ ግን እንዳትቀይሩት።

«ጫፍ ላይ ቬሎሲቲው ዜሮ ስለሆነ አክስለሬሽኑም ዜሮ ነው» የሚሉም አሉ (አክስለሬሽን ማለት ቬሎሲቲ በየሴኮንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው)። እንደዚያ ቢሆን ድንጋዩ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። አክስለሬሽኑ ጫፍም ላይ ያው ነው፣ ወደ ታች።

ማይነስ አክስለሬሽን ሁሌ ፍጥነት መቀነስ ማለት አይደለም። ወደፊት ፕላስ ከተባለ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ፍጥነት የሚጨምር መኪናም አክስለሬሽኑ ማይነስ ነው።

ዩኒት ቀይሩ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 20 ሜትር ይሄዳል፤ ለ3.6 ማካፈል ነው። ፍሬኑ 5 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ከሆነ በ40 ሜትር ውስጥ ይቆማል። 72ን እንዳለ ብታስገቡት ከ518 ሜትር በላይ ይወጣላችኋል። ግማሽ ኪሎ ሜትር እየተንሸራተተ የሚቆም መኪና የት አይታችኋል?

ዲስታንስን (የተጓዙትን ጠቅላላ ርቀት) ከዲስፕሌስመንት ጋር ለሚያምታቱ ሁሌ ቀነኒሳ በቀለን አነሳለሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትሩን በ26:17.53 ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 6.34 ሜትር ገደማ ነበር። 25 ዙር ሮጦ የተነሳበት መስመር ላይ ስለጨረሰ ግን ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ነው። አማካይ ቬሎሲቲውም ዜሮ።

የመጨረሻው፣ ፎርሙላዎቹ የሚሠሩት አክስለሬሽኑ ካልተቀየረ ብቻ መሆኑን መርሳት ነው። አንድ ሚኒባስ ከቆመበት ተነስቶ በ2 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ለ5 ሴኮንድ ፍጥነት ጨመረ፤ ከዚያ በደረሰበት ፍጥነት 20 ሴኮንድ ሄደ፤ ከዚያ እኩል እየቀነሰ በ4 ሴኮንድ ቆመ። 29ኙን ሴኮንድ ደምሮ አንድ ፎርሙላ ውስጥ የከተተ ተማሪ 841 ሜትር አመጣልኝ። ጉዞውን ለሦስት ክፈሉት፦ 25፣ 200 እና 20፣ በድምሩ 245 ሜትር። የአንዱ ክፍል የመጨረሻ ቬሎሲቲ የቀጣዩ መነሻ ነው፤ እዚህ ላይ 10 ሜትር በሴኮንድ።