ላምዳን በማኪያቶ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ማስታወሻችሁን በቢጫ ማድመቂያ የምትቀቡ ተማሪዎች፣ ማድመቂያውን አስቀምጡና ባዶ ወረቀት አውጡ። እኔ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ቀብቼ ፈተናው ላይ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ መጻፍ አቅቶኛል።

የሚያዋጣው ቀመሩን በትንንሽ ቁጥሮች መፈተሽ ነው። 600 ብር አላችሁ እንበል፤ ማኪያቶ 30 ብር፣ ዳቦ 20 ብር (ዋጋው ለስሌት እንዲመች ነውና አስተናጋጁን እንዳትሞግቱ)። እርካታችሁ የሁለቱ ብዛት ሲባዛ የሚገኘው ከሆነ፣ የላግራንዥ ዘዴ (በተወሰነ ገንዘብ ከፍተኛውን እርካታ የምናገኝበት ስሌት) 10 ማኪያቶና 15 ዳቦ ይሰጣችኋል፤ እርካታው 150፣ ከስሌቱ አብሮ የሚወጣው ላምዳ የተባለው ቁጥር ደግሞ 0.5። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ ደብተሩን ይዘጋል። እናንተ ግን ገቢውን 601 ብር አድርጉና እንደገና ሥሩት። እርካታው 150.5 ገደማ ይመጣል። ላምዳ ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ብር ቢጨመርላችሁ እርካታችሁ የሚያድግበት መጠን። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ ያየ ሰው ድጋሚ አይሸመድደውም።

ማክሮውንም እንዲሁ ከአገራችን ጉዳይ ጋር አያይዙት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን ይዛችሁ የመንደል ፍሌሚንግን ሞዴል (ከውጭ ጋር የሚገበያይ አገር ምርትና የምንዛሪ ተመን እንዴት እንደሚወሰኑ በመስመሮች የሚያሳየውን) ሥሉ፤ የትኛው መስመር ለምን እንደሚንቀሳቀስ አጠገባችሁ ላለው ጓደኛ በአማርኛ አስረዱት። እኔ የምንተባተበው ሁልጊዜ ያልገባኝ ቦታ ላይ ስደርስ ነው።