አዲስ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተኩስ ሜዳ ሲወሰድ

የአዲስ ጠመንጃ የመጀመሪያ ቀን አብዛኛው ሥራ መተኮስ ሳይሆን ማስተካከል ነው። በትዕግሥት ለሚሠራ ሰው ሃያ ጥይት ይበቃል፤ ለቸኮለ ግን መቶም አይበቃም።

ከቤት ሳይወጡ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ይፈትሹ። መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ ቀጥሎ ቃታውን (ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት እንጂ ለመተኮስ በጣት የሚሳበውን ምላጭ አይደለም) ወደ ኋላ ስበው ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ቃታው ተስቦ ከተለቀቀ፣ ባዶ ነው የተባለው ጠመንጃ ሌላ ጥይት ይጎርሳል።

ከዚያ በርሜሉን ይወልውሉ። ፋብሪካው ከዝገት እንዲጠብቀው ውስጡን ዘይት ወይም ግሪስ ይቀባዋል። ይህ ሳይጠረግ ከተተኮሰ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ወዳልታሰበ ቦታ ይሄዳሉ፤ ግሪሱ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። የመወልወያውን ዘንግ፣ ጠመንጃው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ጥይት ከሚገባበት በኩል ወደ አፈሙዙ እየገፉ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ይደጋግሙ። መጨረሻ ላይ በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙረው ጨርቅ ውስጡ አለመቅረቱን ይዩ።

በርሜሉ ላይ የተቀረጸው የጥይት ዓይነትና በጥይቱ ሳጥን ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ መሆን አለባቸው። «ሁለቱም 7.62 ነው» ማለት አያስተማምንም፤ 7.62 በ39 እና 7.62 በ51 የተለያዩ ጥይቶች ናቸው። የሚገዙት ጥይት ሁሉ ከአንድ አምራችና የእርሳሱ፣ ማለትም ከበርሜሉ ተወርውሮ የሚወጣው ክፍል፣ ክብደትም አንድ ይሁን። ዓይነት እየቀያየሩ ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው።

ማነጣጠሪያ መነጽር ካለው፣ ማሰሪያ ብሎኖቹን አምራቹ በጻፈው መጠን ያጥብቁ። በዓይንዎና በመነጽሩ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። ካነሰ ጠመንጃው ሲራገጥ መነጽሩ ቅንድብ ይተረትራል።

ሜዳው ላይ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው ይሁን፤ ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስ ጣትዎ ከምላጩ ውጭ ይቆይ። የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ ጆሮዎ ውስጥ ውታፍ ከተው በላዩ ማፈኛ ይደርቡበት። «ተኩስ አቁም» ሲባል ካዝናውን ያውጡ፣ ቃታውን ክፍት ይተዉና ከጠረጴዛው ይራቁ። ሰዎች ወደ ዒላማው ሄደው ሳለ መነጽሩን ለማስተካከል እንኳ ጠመንጃው አይነካም።

ዒላማውን 25 ሜትር ላይ ያቁሙ። ብዙ ሰው ከ100 ሜትር ይጀምርና ጥይቱ ወረቀቱን ጭራሽ ስለሚስት ወዴት እንደሄደ ሳያውቅ ሳጥኑን ይጨርሳል። የጠመንጃውን የፊት እንጨት በአሸዋ ከረጢት ላይ ያሳርፉ፤ በርሜሉ ራሱ ግን ምንም ነገር አይንካው፤ ከነካው ንዝረቱ ስለሚለወጥ ጥይቱም ቦታ ይቀይራል።

ለመጀመሪያው ተኩስ አንድ ጥይት ብቻ ያጉርሱ። ሁሉም ነገር ደህና ከሆነና ቀለሁ ሳይሰነጠቅ ከወጣ፣ ወደ አንድ ነጥብ እያነጣጠሩ ሦስት ጥይት ይተኩሱ። ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ መነጽሩን አይነካኩ፤ የሦስቱን ቀዳዳ መካከል ይፈልጉና ርቀቱን ከዚያ ይለኩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መነጽሩ በሩብ ደቂቃ የሚቆጥር ከሆነ (ደቂቃ እዚህ የማዕዘን መለኪያ፣ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ነው) አንድ ቀጭታ፣ ማለትም የማስተካከያው ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» የሚልበት አንድ እርምጃ፣ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር፣ በ25 ሜትር ደግሞ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል። ጥይቶቹ 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ቢያርፉ፣ 44 ቀጭታ ወደ ግራ፣ 22 ወደ ላይ ያዞራሉ። መነጽሩ በ0.1 ሚል (አንድ ሚል የርቀቱ አንድ ሺኛ ነው) የሚቆጥር ከሆነ አንዱ ቀጭታ በ25 ሜትር 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 32 እና 16 ይሆናል። በ100 ሜትር ማነጣጠር ለሚፈልጉ፣ በ25 ሜትር ከነጥቡ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢያርፍ ጥሩ መነሻ ነው፤ መነጽሩ ከበርሜሉ በላይ ስለተቀመጠ ጥይቱ በ25 ሜትር ላይ ገና ወደ ዕይታው መስመር እየወጣ ነው። ከዚያ ወደ 100 ሜትር ይሂዱና በሦስት በሦስት ጥይት ይጨርሱ።

በየሦስቱ ጥይት መካከል ቃታውን ከፍተው በርሜሉን ያቀዝቅዙት። ቀጭን በርሜል ሲግል ጥይቱ ቀስ በቀስ ቦታ ይለቃል፤ ይህን ሳያውቁ መነጽሩን ካዞሩ በማግስቱ፣ በርሜሉ ሲቀዘቅዝ፣ ሁሉም ተዛብቶ ያገኙታል።

ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው የደከመ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ያቁሙ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በላዩ ሌላ ጥይት መተኮስ በርሜሉን ያፈነዳል። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በርሜሉን ሳያዩ አይቀጥሉ።

ጥይቶቹ ተበታትነው እምቢ ካሉ ጠመንጃውን ከመውቀስዎ በፊት ብሎኖቹን ይፈትሹ፤ ከዚያ ራስዎን። ጓደኛዎ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ሳይነግርዎ ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ይሙላልዎ። በልምምዱ ጥይት ላይ አፈሙዙ ወደ ታች ከተደፋ ችግሩ ርግጫውን መፍራትዎ ነው።

ከመብላትዎ በፊት እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ የእርሳስ ብናኝ አለበት። ቤት ሲደርሱ ባዶነቱን እንደገና አረጋግጠው በርሜሉን ይወልውሉ፤ ብሎኖቹንም በተኩሱ ላልተው እንደሆነ ይዩ።