በብርድ ወቅት ቤት ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ናት። ሰማዩ ስለሚጠራ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። አብዛኞቹ ቤቶቻችን ደግሞ ማሞቂያ የላቸውም። ስለዚህ ሁሉም በየፊናው መላ ይፈልጋል፤ አደጋው የሚመጣውም ከዚያ ነው።

«ፍሙ ቀልቷል» ብሎ ከሰል ቤት ማስገባት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፣ ጢሱ እስኪያልቅ ይራገባል፣ ከዚያ «አሁን ምንም አይልም» ተብሎ ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል። የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም፤ ጢስ የሌለው ቀይ ፍምም ያወጣዋል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ምልክቱን ሳይሰማ እንደተኛ ሊቀር ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። ከቡና የተረፈውንም ፍም ከመተኛታችሁ በፊት አውጡት። ቤት ውስጥ ፍም እያለ ራስ ምታት ከጀመራችሁ፣ ሁሉንም ሰው ይዛችሁ ውጡና ሐኪም ቤት ሂዱ።

ውጭ አገር ያላችሁም ተጠንቀቁ። በፈረንጆቹ የካቲት 2021 ቴክሳስ በበረዶ መብራት ሲጠፋባት፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ወይም ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ሊሞቁ የሞከሩ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ተመርዘዋል፤ የሞቱም አሉ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኝታ ቤት አጠገብ ይኑራችሁ።

ሂተርን ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት

2000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። እዚያው ላይ ካውያ ወይም ውሃ ማፍያ ሲጨመር ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሂተሩን ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻውን ሰኩት። መጋረጃና ብርድ ልብስም አንድ ሜትር ያህል ይራቁለት።

ቴርሞስታቱን (የማሞቂያውን ሙቀት መቆጣጠሪያ) ከልክ በላይ ከፍ ማድረግ

ሚኒሶታም ሆነ ዋሽንግተን፣ 85 ፋራናይት ላይ ስላደረጋችሁት ቤቱ ቶሎ አይሞቅም። ተራው ማሞቂያ በዚያው ፍጥነት ይሠራል፤ የሚጨምረው ቢሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀዝቃዛ ወቅት ላላቸው አገሮች ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቤት ሙቀት 18 ሴልሺየስ ነው፤ 64 ፋራናይት መሆኑ ነው። ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ ከዚያ ከፍ አድርጉት።

ፀሐይ እያለ መጋረጃ መዝጋት

የአዲስ አበባ የቀን ፀሐይ ነፃ ማሞቂያ ነው። ጠዋት ክፈቱ፣ ሳይመሽ ዝጉ። በበሩ ሥር የሚገባውን ንፋስ በጨርቅ ድፈኑት፤ ይኼ ግን ምንም እሳት በሌለበት ክፍል ብቻ ነው።