ሰው በሚበዛበት ፓርክ ማስክ የት ይደረጋል፣ የት ይወልቃል?

ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ለሕዝብ ከተከፈተ ገና አምስት ወሩ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያኔ ያለ ማስክ ባንክም ታክሲም መግባት ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉ የጤና ድንገተኛ ሁኔታ አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አዋጁ አለፈ፤ ቫይረሱ ግን የትም አልሄደም። ኢንፍሉዌንዛውም ሳንባ ነቀርሳውም እዚሁ አብረውን አሉ።

ስለዚህ ማስክ ማድረግ አለማድረግ አሁን የእናንተ ውሳኔ ነው። ብዙ ሰው የሚወስነው ደግሞ በጅምላ ነው። ወይ ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል፣ ወይ ጭራሽ ይተወዋል። ቀኑን ሙሉ ያደረገው ሰው እኩለ ቀን ላይ ይሰለቸውና አገጩ ላይ ያወርደዋል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ወዳጅነት ፓርክ ሣር ላይ ስትቀመጡ ማስክ ብዙም አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው ታክሲው ውስጥ፣ ሰልፉ ላይና ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ በደንብ ካደረጋችሁት ሌላውን ሰዓት ፊታችሁን ለፀሐይ ስጡት።

ከዋዜማው ጀምሩ

ማታ ላይ ቤተሰቡን ጠይቁ። ያሳለው አለ? ያተኮሰው? ጉሮሮውን ያመመው? ካለ እሱ ይቅር። ሳምንቱን ሙሉ «ቅዳሜ እንሄዳለን» እየተባለ የቆየ ልጅን ማስቀረት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን «ቀላል ጉንፋን ነው» ብላችሁ ስትወስዱት ሰልፍ ላይ አጠገቡ ለሚቆመው የሌላ ሰው ሕፃን ቀላል ላይሆን ይችላል። ከተቻለ ጉዞውን ለሁሉም ወደ ሚቀጥለው ሳምንት አዛውሩት። አንዱ ብቻ ቤት ቀርቶ ሌሎቹ ሲሄዱ ነው ልቅሶው የሚበረታው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ከፓርኩ ስትመለሱ ማንን ታገኛላችሁ? ስኳር ያለባቸው አያት፣ አስም ያለበት ዘመድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ቤት ውስጥ ካሉ ጥንቃቄው ለእነሱም ጭምር ነው።

የልጆቹን የክትባት ካርድም በዚያው ተመልከቱ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። እሱን የሚያቆመው ክትባቱ ነው። ያልጨረሰ ልጅ ካለ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ፓርክ።

ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ምረጡ

ከማስክ በፊት የሚጠቅመው ይሄ ነው፣ ዋጋም አያስከፍልም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከወጣ በኋላ የመሀል ከተማ ፓርኮች መሙላት ይጀምራሉ። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ሰሞን ደግሞ መግቢያው ብቻ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። በሥራ ቀን ፈቃድ መውሰድ ካልቻላችሁ ጠዋት በር እንደተከፈተ ግቡ። ረፋዱ ላይ ሰው ሲመጣ እናንተ ዋና ዋናውን አይታችሁ ዛፍ ጥላ ሥር ትቀመጣላችሁ።

ማስኩን ቤት ውስጥ፣ መስታወት ፊት ሞክሩት

ጥሩ ማስክ ገዝቶ በመጥፎ ሁኔታ ማድረግ የተለመደ ነው። አየር የሚሄደው ክፍተት ባገኘበት በኩል ነው። ጉንጭና ማስክ መካከል ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ የምትተነፍሱት በዚያ በኩል ነው ማለት ነው።

ሰርጂካል የሚባለው ሰማያዊው ማስክ ከሆነ ከላይ ያለውን ሽቦ በሁለት እጃችሁ አፍንጫችሁ ላይ በደንብ ጫኑት። ጎንና ጎኑ ከተንቦረቀቀ የጆሮ ላስቲኩን ሥሩ ላይ፣ ከማስኩ ጋር በተጣበቀበት ቦታ ቋጠር አድርጉት። ትርፍ የሆነውን እጥፋት ወደ ውስጥ አስገቡት። ወዲያው ፊት ላይ ልክክ ይላል። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች መፈተሻው እጃችሁ ላይ ነው። ስትተነፍሱ መነጽሩ ጉም ከለበሰ በላይ በኩል ያፈሳል።

ከዚያ የተሻለው ኤን 95 ነው። በትክክል ከተደረገ ከጥቃቅን ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል። ትክክለኛው ኤን 95 በጭንቅላት ዙሪያ በሚሄዱ ሁለት ላስቲኮች ይታሰራል፤ ኬኤን 95 የሚባለው ነው በጆሮ የሚንጠለጠለው። ጥቅጥቅ ያለ ጺም ካላችሁ ሁለቱም ቢሆኑ ፊት ላይ አይገጥሙም። ሹሩባ የተሠራች ሴት ደግሞ የላይኛውን ላስቲክ ከሹሩባው እብጠት በታች ብታሳርፈው አይንሸራተትም።

ፊቱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ያለው ማስክ ከሆነ ተውት። ክዳኑ ወደ ውጭ የምትተነፍሱትን አየር ሳያጣራ ያስወጣል፤ ሌላውን ሰው አይጠብቅም። በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በአሜሪካ ፍሎሪዳ እንደገና የተከፈተው ትልቁ መዝናኛ ፓርክ ዋልት ዲዝኒ ወርልድም እንዲህ ዓይነቱን ማስክ ከልክሎ ነበር። ነጠላ አፍ ላይ መመለስም ማስክን አይተካም፤ ሸማው ስስ ነው፣ ጎኑም ክፍት ነው።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ማስክ በፍጹም አታድርጉ፣ ሊያፍነው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት 5 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉትን ማስገደድ አያስፈልግም ይላል። ከዚያ በላይ ያለ ልጅ በልኩ የተሠራ ማስክ ይፈልጋል። የአባቱን ማስክ ካደረገ ሲሮጥ ዓይኑ ላይ ይወጣበታል።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መለዋወጫ ያዙ። ማስክ ከረጠበ አያጣራም፣ የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ ሳይታሰብ ይመጣል። ያወለቃችሁትን ፌስታል ውስጥ አትጠቅልሉት፤ ያልቦታል። የወረቀት ፖስታ ይሻላል።

ታክሲው ውስጥ

ብዙ ሰው ፓርኩን ይፈራል እንጂ ወደ ፓርኩ የሚወስደውን ሚኒባስ አይፈራም። አስቡት፤ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተን፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ መንገዱ ተጨናንቆ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። ውጭ ሲሆን ከአፍ የሚወጣውን ነፋስ ይበትነዋል። ታክሲው ውስጥ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ማስኩ ከቀኑ ሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ከመግባታችሁ በፊት አድርጉት።

መስኮት ማስከፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ገና እጃችሁን ስትዘረጉ «ብርድ ያስመታናል» የሚል አይጠፋም። በተለይ ትልልቅ ሰዎች ነፋሱን ከልባቸው ይፈሩታል፤ ይሄን መናቅ አይገባም። ጭቅጭቅ ሳታነሱ በለስላሳው ጠይቁ። «እማማ፣ ትንሽ ከፈት ላድርጋት? ነፋሱ እርስዎ ጋ እንዳይደርስ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ።» ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት እንኳ ትጠቅማለች። ከሁለት አቅጣጫ፣ ከፊት በሹፌሩ በኩልና ከኋላ ትንሽ ትንሽ ብትከፈት ደግሞ አየሩ ገብቶ ይወጣል። ረዳቱን «ወንድሜ፣ የፊቷን ዝቅ ታደርግልናለህ?» ብትሉት ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

ከመስቀል አደባባይ አካባቢ ወደ ወዳጅነት ፓርክ ወይም ወደ አራት ኪሎ የምትሄዱ ከሆነና ልጆቹ ከጠነከሩ መንገዱን በእግር ማድረግም ይቻላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ውጭ ስትራመዱ ማስኩን አውልቁትና በሰላም ተንፍሱ።

ሰልፍ ላይ

ከጣሪያ ሥር ያለ ወይም በግንብ መካከል የሚጠማዘዝ ሰልፍ ከሆነ ማስክ አድርጉ። ውጭ ሆኖ ተጠጋግታችሁ ብዙ ደቂቃ የምትቆሙ ከሆነም እንዲሁ። ከኋላ የሚገፋ ሰው ካለ ዘወር ብላችሁ «ይቅርታ፣ ከልጅ ጋር ነኝ» ማለት ይበቃል። አንዱ ወላጅ ሰልፉን ይዞ ሌላው ልጆቹን ራቅ ያለ ቦታ ቢያቆይ ደግሞ የተሻለ ነው። በቴሌብር መክፈል በሚቻልበት ቦታ የትኬት መስኮቱ ላይ ቆይታችሁ ያጥራል።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ

ሜዳው፣ ፏፏቴው፣ የመስቀል አደባባይ ብስክሌትና ስኬት ያለ ማስክ ይሁን። አንድነት ፓርክ ውስጥ አንበሶቹን ስታዩም አውልቁት፤ መስታወቱ ጋ ሰው ከተደራረበ ግን ተራ እስኪደርሳችሁ ፈንጠር ብላችሁ ቆዩ። ወደ ዙፋን ቤቱና ወደ ግብር አዳራሹ ስትገቡ መልሳችሁ አድርጉት። የሳይንስ ሙዚየምና የፒያሳው የአድዋ ድል መታሰቢያ የቤት ውስጥ ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። አስጎብኚው ጮክ ብሎ በሚያስረዳበት ክፍል ከፊት ከመደርደር በር አጠገብ ቁሙ፤ ድምፁ ይደርሳችኋል።

የልጆች መጫወቻው ላይ ትንሽ ልቆይ። ፎቅ ውስጥ ያሉት፣ መስኮት የሌላቸው፣ የኳስ ገንዳና መዝለያ ያለባቸው ክፍሎች ከሁሉም በላይ ያሳስቡኛል። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ያለከልካሉ፣ ይጮሃሉ። ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው በዝግታ ከሚናገረው የበለጠ ብናኝ ያወጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የጃፓን መዝናኛ ፓርኮች ሲከፈቱ ተሳፋሪው በሮለር ኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል በሚበርረው የመዝናኛ ባቡር) ላይ እንዳይጮህ የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። ልጅን አትጩህ ማለት ግን ጨዋታውን መንጠቅ ነው። ስለዚህ ቦታ ምረጡለት። ዥዋዥዌውና ሸርተቴው ውጭ ከሆነ እንደልቡ ይጩህ። የቤት ውስጡን ከፈለገ ሰው ሳይበዛ አስገቡት፣ ቆይታውንም አሳጥሩለት።

ሸርተቴ ላይ ሲወጣ ደግሞ ማስኩን ተቀበሉት። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ገመድ ካለው የግድ ይውለቅ። ገመዱ አንድ ነገር ላይ ቢያዝ አንገቱን ሊያንቀው ይችላል፤ ይሄ ከቫይረሱ በላይ አስቸኳይ ነው።

ምሳ

ማስክ የሚወልቅበት ሰዓት ስለሆነ ቦታው ላይ ተጠንቀቁ። ዲዝኒም ያኔ ጎብኚው እየተራመደ እንዳይበላ፣ አንድ ቦታ ቆሞ ማስኩን አውልቆ እንዲበላ ያዝዝ ነበር። እኛ ጋም ይሠራል። ካፌው ውስጥ ከመታጨቅ ሳሩ ላይ አንጥፉ። አንድ ትሪ ላይ አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ቢበላ ምንም የሚጨምረው ነገር የለም፤ ቤትም የሚበላው እንደዚያው ነው። ጎረቤትና ጓደኛ ከመጣ ግን በየሰሐኑ ይቅረብ። ጉርሻውን ለፋሲካ አቆዩት። ከመብላት በፊት እጅ በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል ይታጠብ፣ ውኃ ከሌለ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይሁን።

ከተመለሳችሁ በኋላ

የጨርቁን ማስክ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ሰርጂካሉን ጣሉት። ኤን 95 አይታጠብም፤ ካልረጠበና ቅርጹን ካልለቀቀ በፖስታው ውስጥ አናፍሳችሁ ደግማችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

በቀጣዩ ሳምንት አንዳችሁ ካሳለ ወይም ካተኮሰው ሌላ ክፍል ይተኛ፣ መስኮት ይከፈት፣ እሱም ማስክ ያድርግ። አያት ጋ የሚኬድበት ቀን ይተላለፍ። አብረዋችሁ ለሄዱት ሰዎችም ደውሉላቸው፤ ኮሮና ምልክት ሳያሳይ በፊት እንኳ ሊተላለፍ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከተያዘ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።