ሞተሩ ታድሶ የወጣ ቱርቦ መኪና ሲረገጥ ቢያመነታ፦ ችግሩን እንዴት እንፈልግ?

ናፍታ ሃይሉክሴ ሞተሩ ወርዶ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተቀየረና ከጋራዥ ወጣ። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ድምፁ ራሱ ያስደስት ነበር። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ስጀምር ግን ሌላ ሆነ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስረግጥ አንድ አፍታ ዝም ይላል፣ ከዚያ እየነጠረ ይነሳል። በመስታወት ሳይ ከኋላዬ ጥቁር ጭስ። ደሴ እስክደርስ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያን ያህል ብር የወጣበት ሞተር ነዋ!

እንዲህ ሲገጥማችሁ ቱርቦውን ለመቀየር አትቸኩሉ። ችግሩ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ካልነበረ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው እጅ የነካው ቦታ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ጠባዩን መዝግቡ። ቱርቦ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ተሽከርካሪ ነው፤ የሚሽከረከረውም በጭስ ጋዝ ግፊት ስለሆነ ዝቅተኛ የሞተር ዙር ላይ ትንሽ መዘግየት ያለ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ላይ መኪናው ዘግየት ቢል አይገርምም። በዝግታ ግን ሳይቆራረጥ ከተነሳ ደህና ነው። ከነጠረ፣ ከታነቀ ወይም ከጨሰ ግን ችግር አለ። በስንት ዙር? በየትኛው ማርሽ? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ጭሱስ? ናፍታ ላይ ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ ከኋላ የሚጎተት ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ውሃ ሊሆን ይችላል። የሞተር ምልክቱ መብራት ከበራ በስካነር አስነብቡት።

ቀጥሎ የአየሩን መንገድ ተከተሉ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚሁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ከአየር ፊልትሮው ተነስታችሁ እስከ ቱርቦው፣ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ከዚያም እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ ሁሉ በእጃችሁ ዳብሱ። ማሰሪያው ጠብቋል? ቱቦው ጠርዙ ላይ ተቀምጧል ወይስ በግማሽ ነው የገባው? ከታች በኩል ዘይት ያዘለ አዲስ እርጥበት አለ? ሞተር ሲፈታ ቆሻሻ እንዳይገባ ቀዳዳዎች በጨርቅ ይደፈናሉ፤ ያ ጨርቅ ሳይወጣ የተገጠመበት ጊዜ አለ። ያንንም እዩ።

በዓይን ካልተገኘ በሳሙና ውሃ ይፈለጋል። የቱርቦው መግቢያ በደንብ ይደፈንና በኮምፕሬሰር አየር ይገባበታል። ግፊቱ ከ1 ባር እንዳያልፍ፤ ከመድፈኛው ፊት ለፊትም አትቁሙ። የኔን ያየው ወጣት መካኒክ «ጋሼ፣ አብሽር፣ ቱርቦው ደህና ነው» አለኝና ረዳቱን የሳሙና ውሃ አስመጣ። በብሩሽ ቀባው። ከኢንተርኩለሩ በታች ባለው ክንድ ቱቦ ሆድ ላይ አረፋው ቡፍ ቡፍ ማለት ጀመረ። ጥፍር የማታክል ስንጥቅ ነበረች። ቱቦው ሲገጠም ተጠምዝዞ ኖሯል፤ ግፊት ሲያገኝ ትከፈታለች፣ ሲቆም ትዘጋለች። ስንት ጊዜ በእጄ ዳብሼ አልፌያታለሁ!

ከዚያ ሶኬቶችና ቀጫጭን ጎማዎች። የቱርቦውን መቆጣጠሪያ የሚያንቀሳቅሱት ቀጫጭን ቱቦዎች በቀላሉ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከፊልትሮው በኋላ ያለው የአየር መለኪያ ሴንሰር ሶኬቱ ላላ ካለ ወይም አቧራ ከያዘ ኮምፒውተሩ ነዳጁን በተሳሳተ መጠን ይሰጣል። ለሴንሰር ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ አጽዱት፤ በጣትም በጨርቅም አትንኩት።

ነዳጁ። የናፍታ ፊልትሮው መቼ ተቀየረ? መስመሩ አየር ስቧል? አዳዲሶቹ ናፍታ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ በየኢንጀክተሩ (ናፍታውን ወደ ሲሊንደር በሚረጨው) ራስ ላይ ኮድ ተጽፏል። ኢንጀክተሩ ከተቀየረ ወይም ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር ከተዘዋወረ ኮዱ ኮምፒውተሩ ላይ መስተካከል አለበት። አደራ የምለው ነገር አለ፦ በድሮ ሞተሮች ደካማውን ሲሊንደር ለመለየት ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ ማላላት ልማድ ነበር። በአዲሶቹ ላይ ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ። ግፊቱ ከ1,000 ባር ያልፋል፤ ናፍታው ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። እጅ እስከማሳጣት ይደርሳል። ቤንዚን ቱርቦ ከሆነ ደግሞ ካንዴላው ለሞተሩ የታዘዘው ዓይነት መሆኑንና ክፍተቱን አስለኩ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ካመነታ፣ የታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው) በአንድ ጥርስ ዘልሎ ሊሆን ይችላል፤ የሲሊንደሮቹ ግፊትም መለካት አለበት። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። የመዘገባችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፤ መካኒኩ ከባዶ አይጀምርም።

የኔ ቱቦ በአዲስ ተቀየረ። በማግስቱ በዚያው በሐረጎ፣ በዚያው ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለት ሰው ጭኜ ወጣሁ። ጭስ የለም፣ መንጠር የለም። ከሳምንት በኋላ ማሰሪያዎቹን ድጋሚ አጠበቅኳቸው፤ አዲስ ጎማ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይላላልና።