ቱነር ከመግዛታችሁ በፊት

የሙዚቃ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ ነው። ቱነር (የጊታርና የመሰል መሣሪያ ክር መቃኛ) ልትገዙ ካሰባችሁ ቶሎ ኪሳችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ነፃ የመቃኛ አፕ ጫኑ። ጸጥ ባለ ክፍል ብቻውን ለሚለማመድ ሰው ይበቃል።

ችግሩ ሰው ሲበዛ ነው። አፑ የሚሰማው በማይክ ስለሆነ አጠገባችሁ ያለውን ከበሮም ይሰማል፤ መርፌው ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። ያኔ የጊታሩን ራስ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሶ የሚይዘው ዓይነት ይሻላል። እሱ የሚያነበው የእንጨቱን ንዝረት ነው። ውዱን አትፈልጉ፤ ርካሹም ለልምምድ አያሳፍርም። «ክሮማቲክ» መሆኑን ብቻ እዩ። 12ቱንም ኖታ ስለሚያውቅ ለቫዮሊንም ለዩኩሌሌም ይሆናል።

እኔን አንዴ ሸውዶኛል። «ተበላሸ» ብዬ ልጥለው ስል፣ ለካ ሳላውቅ ቁልፉን ነክቼ የሚቃኝበትን መነሻ ድምፅ፣ 440 ኸርዝ የነበረውን፣ 443 አድርጌው ኖሯል! አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሷን ቁጥር እዩ። ባትሪውንም ቀይሩ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት ሳንቲም በምትመስለው 2032 ባትሪ ነው። ቃኝታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ አጥፉት።