ውሃን በኤሌክትሪክ ፕላዝማ ማከም፦ ደጋ ላይ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ላይ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ሱቄ የሚመጡ ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው አንድ ዓይነት ቪዲዮ ያሳዩኛል። ሁለት መርፌ ውሃ ላይ ተደቅኗል፤ ወይን ጠጅ ብልጭታ ውሃው ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ አንዱ ብርጭቆውን አንስቶ ይጠጣል። «እንሥራው?» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ያ ብልጭታ፣ ኤሌክትሪክ የሰባበረው ጋዝ ማለት ነው፣ ፕላዝማ ይባላል። ፕላዝማ ውሃ ያክማል፣ እውነት ነው። ግን እንደ ቪዲዮው አትሥሩት።

ብልጭታው በቀጥታ ውሃው ላይ ሲያርፍ የአየሩን ናይትሮጅንም ይሰባብራል። ናይትሬት፣ ናይትራይትና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ውሃው ውስጥ ይከማቻሉ። ውሃው አሲድ ይሆናል፤ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች እስከ 3 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ጀርም ይገድላል፣ አይካድም። ተመራማሪዎችም ዘር ለማብቀልና አትክልት ለማጠብ ይሞክሩታል። ለመጠጥ ግን አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬትና 3 ሚሊግራም ናይትራይት ነው። ይህን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚለካ ሰው የለም። ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ደግሞ ናይትሬት የበዛበት ውሃ በጣም አደገኛ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሺህ ቮልት የተሸከመ ራቁት ብረት ከውሃ አጠገብ ቆሟል።

ለቤት የሚሆነው ፕላዝማው ተዘግቶበት የሚቀመጥበት ዕቃ ነው፤ ኦዞን ማመንጫ ይባላል። ይህንኑ ደብረ ሲና ቁርስ ቤት ላላት እህቴ ገጥሜላታለሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ወንድምጋሼ፣ ኤሌክትሪኩ ውሃው ውስጥ አይገባም?» ብላ ነው። አይገባም። ዕቃው ውስጥ ሁለት ብረት አለ፣ በመሃላቸው መስታወት ወይም ሴራሚክ። ጥቂት ሺህ ቮልት ሲሰጣቸው መስታወቱ ኤሌክትሪኩ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እንዳይፈነዳ ይከለክላል። ስለዚህ በብዙ ጥቃቅን ብልጭታ ይበተናል። በክፍተቱ ከሚያልፈው አየር ጥቂቱ ኦክስጅን ይሰበርና ሦስት ሦስት ሆኖ ይጣመራል። ያ ኦዞን ነው። ወደ ውሃው የሚሄደው ጋዙ ብቻ ነው፤ ፕላዝማው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቨርነር ፎን ሲመንስ በርሊን ላይ የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ነው። የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ደግሞ ከ1906 ጀምሮ የመጠጥ ውሃዋን በኦዞን አክማለች።

አሁን ወደ ሥራው። 500 ሚሊግራም በሰዓት የሚል ማመንጫ ለአንድ ቤት ይበቃል። የዓሣ ገንዳ አየር ፓምፕ ያስፈልጋል። አየር ማድረቂያ ሲሊካ ጄል፣ አረፋ የሚበትን ድንጋይ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭና ባለ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቧንቧም እንዲሁ። ማመንጫውን ተሠርቶ የታሸገ ግዙ። ከቴሌቪዥን ትራንስፎርመር ፈትቼ ልሥራ የሚል ካለ እለምነዋለሁ፣ ይተወው። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ እሱ ቮልት ይቅርታ የለውም።

ቧንቧውን ከታች ደፍናችሁ ግድግዳ ላይ አቁሙት። ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሁን፣ ውሃው ግን አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ይሞላ። ወደ 12 ሊትር ተኩል ይይዛል። ለምን ባልዲ አይሆንም? ባልዲ አጭር ስለሆነ አረፋው ሳይሟሟ ብቅ ይላል፤ ኦዞኑን የምትተነፍሱት እናንተ ትሆናላችሁ። ለምን ከዚህ አይረዝምም? ትንንሽ ፓምፖች ሁለት ሜትር ውሃ ገፍተው አየር ማስገባት ያቅታቸዋል። ስትገዙ ግፊቱን ከላዩ ላይ አንብቡ።

አየሩ ከፓምፑ ወደ ሲሊካ ጄል፣ ከዚያ ወደ ማመንጫው፣ ከዚያ በቫልቩ አልፎ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። ሲሊካ ጄሏን ትርፍ ነገር አድርጋችሁ እንዳታልፏት። ጣርማ በርን የሚያውቅ ሰው ክረምት ላይ ጉም እንዴት ቤት ድረስ እንደሚገባ ያውቃል። እርጥብ አየር ማመንጫው ውስጥ ሲገባ ኦዞኑ ይቀንሳል፤ በምትኩ ናይትሪክ አሲድ ይፈጠርና ሴራሚኩን ይበላዋል። ብርቱካናማዋን ዓይነት ግዙ፤ እርጥበት ስትጠግብ ወደ አረንጓዴ ትቀየራለች። ሰማያዊዋ ኮባልት ስላለባት ከምግብ ቤት ትራቅ። የጠገበችውን 110 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ምድጃ ጥቂት ሰዓት ብታደርቋት መልሳ ትሠራለች።

ማመንጫው ከውሃው ጫፍ በላይ ይሰቀል። ይህን ሁለቴ አንብቡት። መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ይሳባል። ማመንጫው ከታች ከሆነ ውሃው ገብቶ ይሞላዋል። መብራቱ ሲመለስ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልገኝም። ቫልቩ ብቻውን አይታመንም፣ ኦዞን ራሱ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሶኬቱ ኧርዝ ይኑረው፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከርም ይግባለት።

ቱቦው ቴፍሎን ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ሲሊኮን። የተፈጥሮ ጎማ አይሆንም። ለምን እንደሆነ በዓይናችሁ እዩት። አንድ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ወጥራችሁ ሚስማር ላይ እሰሩና የኦዞኑ መውጫ አጠገብ ተዉት። ብዙም ሳይቆይ ላስቲኩ ላይ ከውጥረቱ አግድም የሆኑ ቀጫጭን ስንጥቆች ይወጣሉ፤ ስታጥፉት አፋቸውን ይከፍታሉ። በመጨረሻ ጧ ብሎ ይበጠሳል። እኔ ይህንኑ ላስቲክ ለጥበቃ እጠቀምበታለሁ። አንዱን ከመገጣጠሚያው አጠገብ ወጥሬ እተወዋለሁ። ከተሰነጠቀ ጋዝ የሚያፈተልክበት ቦታ አለ ማለት ነው።

አፍንጫችሁንም ስሙት፣ ግን አትመኑት። ኦዞን ከመብረቅ በኋላ የሚሸተው ዓይነት ስለታም ሽታ አለው፤ በጣም ትንሽ ሆኖም ይሸታል። ችግሩ አፍንጫ ቶሎ ይለምደዋል። ጉሮሮ ይከረክራል፣ አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ ዕቃው በረንዳ ላይ ይቀመጥ፣ የቧንቧው አፍ ይከደን፣ ትርፉ ጋዝ በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አይሁን።

ስንት ደቂቃ? እዚህ ላይ ደጋነታችን ሁለት ነገር ያመጣል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። አየሩ ሳስቷል፤ በአንድ ሊትር አየር ያለው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት፤ እኔ ግማሹን ነው የምቆጥረው። 500 የሚል ማመንጫ በ15 ደቂቃ 125 ሚሊግራም ይሰጣል ይባላል፤ እኛ 60 ገደማ እንበል። ከዚያም ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ምናልባት ሲሶው ነው። ለ12 ሊትር ተኩል ሲካፈል በሊትር አንድ ሚሊግራም ተኩል ግድም ይደርሳል። ከዚህም ላይ ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ የራሱን ድርሻ ይበላል።

ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ኦዞንን በደንብ ያሟሟል፣ ቶሎም አይለቀውም። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብትሠሩት በሙቀቱ የተነሳ ቶሎ ይጠፋባችኋል። በሌላ በኩል ግን ቅዝቃዜ መግደሉን ያዘገየዋል። ሒሳቡ በሊትር ያለው ሚሊግራም በደቂቃ ሲባዛ ነው። ጃርዲያን፣ ሆድ የሚያውከውን የውሃ ጥገኛ ተሕዋስ፣ ከሺህ 999ኙን ለመግደል 20 ዲግሪ በሆነ ውሃ 0.72 ይበቃል፤ 5 ዲግሪ ላይ 1.9 ይፈለጋል። ማለትም በሊትር 0.4 ሚሊግራም ኦዞን ውሃው ውስጥ ለ5 ደቂቃ ከቆየ 2 ይመጣል፣ ያልፋል። በነገራችን ላይ ክሎሪን ለዚሁ ጃርዲያ 10 ዲግሪ ላይ ከመቶ በላይ ያስፈልገዋል። እኔ ኦዞንን የወደድኩት ለዚህ ነው። ሆዳችንን ስንት ዘመን ያመሰው ጃርዲያ ነው።

እኔ 15 ደቂቃ አስነፍሼ፣ ፓምፑን አጥፍቼ፣ 5 ደቂቃ እጠብቅና እፈትናለሁ። ፍተሻው ቀላል ነው። ትንሽ የበቆሎ ስታርች በውሃ ቀቅላችሁ ቀጭን ሙቅ አድርጉት። ከላቦራቶሪ ዕቃ ሻጭ የተገዛ ፖታሲየም አዮዳይድ ቁንጥር አድርጉበት። ከታከመው ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ጥቂት ጠብታ ጣል ስታደርጉ ሰማያዊ ክር እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሰማያዊ ከሆነ ኦዞን አሁንም አለ። ምንም ካልታየ ውሃው ኦዞኑን ጨርሶታልና ድገሙት። የፈተናችሁበትን ብርጭቆ ድፉት፣ አይጠጣም። ይህ ፍተሻ ኦዞን መኖሩን እንጂ መጠኑን ወይም ጀርም መሞቱን አይናገርም። ስለዚህ ዕቃውን ስትጀምሩና ክረምት ሲገባ ናሙና ወስዳችሁ በላቦራቶሪ አስመርምሩ። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ፣ ሰገራ ውሃውን እንደነካው የሚያሳየው ጀርም፣ ዜሮ መሆን አለበት።

ድፍርስ ውሃ አታስገቡ። ሐምሌ ላይ ጎርፍ የነካው ምንጭ ሻይ መስሎ ሲመጣ ኦዞኑ በሙሉ በጭቃው ላይ ያልቃል። መጀመሪያ ይጥለል፣ ከዚያ በአሸዋ ወይም በሴራሚክ ማጣሪያ ይለፍ። የጉድጓድ ውሃ ብረት ካለበት ኦዞን ሲነካው ይቀላል። አትደንግጡ፤ ብረቱ ዝገት ሆኖ ስለወጣ ነው፣ አጥልላችሁ እንደገና አጣሩት። ፍሎራይድን፣ ጨውንና አርሴኒክን ግን ኦዞን አያወጣም። ይህን ያደርጋል ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትስሙት።

ኦዞን ጠባቂ አይተውም። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ኦክስጅን ይሆናል። ያንን ውሃ ወደ ሮቶ ወይም ጀሪካን ገልብጣችሁ ብታሳድሩት፣ በቆሸሸ ጣሳ የተቀዳ እንደሆነ ጀርሙ እንደገና ይራባል። እንዲያውም ኦዞን የሰባበረው ቆሻሻ ለጀርሙ ቀለብ ይሆነዋል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት አቆዩትና፣ ኦዞኑ ሲጠፋ፣ ውሃ አጋር ወይም ሌላ የክሎሪን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ። እህቴ ጋ በኦዞን የታከመው ውሃ ብዙ ክሎሪን ስለማይበላ ሽታውም ቀለል ይላል፤ ደንበኞቿም «መድኃኒት መድኃኒት አለ» ማለት ትተዋል።

መብራት ለረጅም ጊዜ ከጠፋ አፍሉት። እኛ ጋ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሱም ጀርም ለመግደል ይበቃል፣ በደንብ ተንተክትኮ ከፈላ።

ማመንጫውን በየጊዜው ነቅላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ ክፈቱት። ሴራሚኩ ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ብናኝ ከታየ እርጥበት ገብቷል። በአልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ሲሊካ ጄሏንም በዚያው ቀይሩ። ስንጥቅ ካያችሁበት ግን አይጠገንም፤ እኔም ሱቄ ቢመጣ አልጠግነውም። አዲስ ሴራሚክ ግዙ።